ቼክ ኢንጂን በርቶ ኮዱ ፒ0171 ሲሆን፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት የሚታየው

[ምስል፦ ዳሽቦርድ ላይ የበራ ቢጫ የሞተር ምልክት]

ቼክ ኢንጂን በራ፣ ስካነር ተሰካ፣ ፒ0171 ወጣ። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ቀጥሎ የሚሰማው «ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር» የሚል ነው። ሴንሰሩ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ኮዱ ይሰረዛል። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ገንዘቡ ግን አይመለስም።

ኮዱ የሚናገረው ባንክ 1 (አንደኛው የሞተር ጎን) ሊን መሆኑን፣ ማለትም ከሚገባው አየር አንጻር ቤንዚኑ ማነሱን ነው። የተበላሸውን ዕቃ ስም አይጠራም። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ኦክስጅን ሴንሰሩ በጭስ መውጫው ላይ ሆኖ ሚዛኑን ይከታተላል፤ ኮምፒውተሩ በዚያ መሠረት ቤንዚን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ይህ ማስተካከያ ፊውል ትሪም ይባላል። የቅጽበቱ ሾርት ተርም፣ ቆይቶ የተለመደው ሎንግ ተርም ነው። ሁለቱ ተደምረው ከ-10 እስከ +10 በመቶ ከሆኑ አያሳስብም። በብዙ መኪኖች ከ+20 እስከ +25 አካባቢ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ጥፋት ብሎ ይመዘግባል፤ በሁለት ተከታታይ ጉዞ ከተደገመ መብራቱን ያበራል። እንግዲህ ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን በትክክል ሠርቶ ጉድለቱን የነገረን እሱ ነው። ቪ6 ሞተር ካላችሁ የሌላው ጎን ኮድ ፒ0174 ነው፤ ሁለቱ አብረው ከመጡ ለሁለቱም ጎን የጋራ የሆነ ነገር ፈልጉ።

«ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ለዚህ ነው» የሚል ማብራሪያም ይሰማል። ትክክል አይደለም። ስስ አየር የካርቡራቶር መኪና ላይ ቤንዚን ያበዛል እንጂ አያሳንስም፤ ኢንጀክሽን መኪና ደግሞ አየሩን ለክቶ ራሱን ያስተካክላል። ከፍታው የሚለውጠው የምታነቡትን ቁጥር ነው። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ የማፕ ሴንሰር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካው) ንባብ ጅማ ላይ 82 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። የሞተር መመሪያ ላይ ያለውን 101 (የባሕር ወለል ንባብ ነው) አይታችሁ ሴንሰሩን አትክሰሱ።

[ምስል፦ ስካነር ከመሪው በታች ሲሰካ]

ወደ ሥራው። የባትሪ ገመድ ነቅሎ መብራት ማጥፋት የተለመደ ቢሆንም እባካችሁ አታድርጉት። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የዚያን ሰዓት ፍጥነት፣ ዙር፣ የሞተር ሙቀትና ትሪም አብሮ ያስቀምጣል፤ ፍሪዝ ፍሬም ይባላል። ባትሪ ሲነቀል ይህ ሁሉ ይጠፋል። መጀመሪያ ፎቶ አንሱት። ለዚህ ኢኤልኤም 327 የሚባለው ትንሽ ብሉቱዝ ማንበቢያና ስልክ ይበቃል። ለጃፓን የውስጥ ገበያ ተሠርተው የመጡ አንዳንድ የቆዩ መኪኖች ግን በዚህ ዕቃ አይከፈቱም፤ ለእነሱ የጋራዥ ስካነር ያስፈልጋል።

አሁን ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ኤሲ ይጥፋ። ትሪሙን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) አንብቡ። ከዚያ ነዳጅ ረግጣችሁ 2500 ዙር ላይ ለ30 ሰከንድ ያህል ያዙትና እንደገና አንብቡ። ከምርመራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ የሚወስደው 5 ደቂቃ አይሞላም።

በሚኒሞ +25 ሆኖ 2500 ላይ ወደ +6 ከወረደ ያልተለካ አየር እየገባ ነው። ምክንያቱን በቁጥር እንየው። የአየር መለኪያው፣ ማፍ ሴንሰሩ፣ በሚኒሞ 2 ግራም በሰከንድ ለካ እንበል። ከእሱ በኋላ ካለ ስንጥቅ 0.5 ግራም ከገባ ሩብ ያህል ነው፤ ቤንዚኑም 25 በመቶ መጨመር አለበት። 2500 ላይ ግን ሞተሩ 8 ግራም ሲስብ ያው 0.5 ግራም 6 በመቶ ብቻ ይሆናል። ይህ የሚሠራው ማፍ ላለው መኪና ነው። በማፕ ብቻ የሚሠራ ሞተር ሾልኮ የገባውንም አየር ስለሚቆጥረው ሊን ከመሆን ይልቅ ሚኒሞው ከፍ ይላል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ከፊልትሮ ሳጥኑ ወጥቶ ባለው ቱቦ ላይ ሶኬት ያለው ሴንሰር መኖሩን በማየት ታውቃላችሁ። የሙቀት መለኪያ ብቻም ሊሆን ስለሚችል ስካነሩ ግራም በሰከንድ ማሳየቱን አረጋግጡ።

[ምስል፦ በፊልትሮ ሳጥንና በትሮትል መካከል ያለው ጎማ ቱቦ ሲለጠጥ ስንጥቁ ሲገለጥ]

የሚሾልከውን ቦታ ስትፈልጉ ከትልቁ ጎማ ቱቦ ጀምሩ። በእጥፋቶቹ መካከል ይሰነጠቃል፤ ሞተሩ ቆሞ ሲታይ ደህና ይመስላል። የሞተር መያዣ ጎማ ያረጀበት መኪና ኮረኮንች ላይ ሲወዛወዝ ቱቦውን ይጎትተዋልና በእጃችሁ ለጥጣችሁ እዩ። ፋሼታው መጥበቁንም ፈትሹ። ቀጥሎ የፒሲቪ ቱቦ (ከሞተሩ ውስጥ የሚወጣውን ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልሰው)፣ የፍሬን ሰርቮ ቱቦ፣ ከቤንዚን ታንክ ትነት የሚያመጣው የፐርጅ ቱቦ፣ የኢንጀክተር ጎማ ቀለበቶች፣ የማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ጋርኒሲዮን። የዘይት ክዳንና የዘይት መለኪያ ዘንግ ጎማም አየር ያስገባሉ።

ሞተሩ እየሠራ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቆንጥጡ፤ አንዱን ስትቆነጥጡ ሾርት ተርም ወዲያው ከወረደ ስንጥቁ ያለው በዚያ መስመር ነው። ለማኒፎልዱ ውሃ በመርጫ ጠርሙስ መገጣጠሚያው ላይ እርጩ፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ተገኘ። ካርቡራቶር ማጽጃ መርጨት ይሠራል፣ ነገር ግን በጋለ ማኒፎልድ ላይ እሳት ያስነሳል። ውሃ እያለ ያንን አልመክርም። የጭስ መፈተሻ ማሽን ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ከሁሉም ይበልጣል።

አንድ አስቸጋሪ ሁኔታ አለ፦ የማኒፎልድ ጋርኒሲዮን ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ያሾልክና ሲሞቅ ይዘጋል። ፍሪዝ ፍሬሙ ዝቅተኛ ሙቀት ካሳየ ፍተሻውን ሌሊቱን ባደረ መኪና፣ ጠዋት አድርጉ።

[ምስል፦ ሁለት የትሪም ግራፎች፣ አንዱ የሚወርድ፣ አንዱ የሚወጣ]

ቁጥሩ በተቃራኒው በሚኒሞ ደህና ሆኖ ሲረገጥ ከወጣ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ፦ የቆሸሸ ማፍ እና የቤንዚን እጥረት።

ማፍ በቀጭን የጋለ ሽቦ አየር ይለካል፤ አቧራ ሲሸፍነው አሳንሶ ይለካል። በበጋ በገጠር ፒስታ መንገድ የሚመላለስ መኪና ላይ የተለመደ ነው፤ የወረቀት ፊልትሮን በኮምፕረሰር ከውጭ ወደ ውስጥ መንፋት ደግሞ ወረቀቱን ቀዶ አቧራውን ቀጥታ ያሳልፋል። ማፉን ለማጽዳት ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታችሁ አውጡት። ለማፍ ተብሎ የተሠራ ስፕሬይ ብቻ ከ10 እስከ 15 ጊዜ እርጩበት፤ ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ቤንዚን፣ ጥጥ፣ ብሩሽ፣ ኮምፕረሰር አይቅረበው። ሽቦው ከፀጉር የማይወፍር ነው፣ ከተበጠሰ አይጠገንም።

ማፉ ጸድቶ ካልተለወጠ የቤንዚን ግፊት ይለካ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች፣ ለምሳሌ 1ኤንዜድ ላይ፣ ከ304 እስከ 343 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ ነው። መስመሩን ከመፍታት በፊት የፖምፓውን ፊውዝ ነቅላችሁ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አሠሩት፤ አለበለዚያ ቤንዚኑ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። በሚኒሞ ግፊቱ ትክክል መሆኑ አይበቃም። ደካማ ፖምፓ የሚጋለጠው ጭነት ላይ ነው፦ ሰው ጭናችሁ ጅማ አጠገብ ወዳለው ጅሬን አቀበቱን ስትወጡ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ትሪሙን ይከታተል። አቀበቱ ላይ እየወጣ ከሄደ ከፖምፓው በፊት ታንኩን አስከፍቱ። ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚገዛ ቤንዚን ውሃና ደለል ይዞ ስለሚመጣ የፖምፓው ወንፊት ይደፈናል። ከታንኩ የቀዳችሁትን በንጹህ ብርጭቆ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፤ ውሃ ካለ ታች ተለይቶ ይታያል።

የቀረው አጭር ነው። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት የጭስ ማኒፎልዱ ከተሰነጠቀ ወይም ጋርኒሲዮኑ ከተቃጠለ ከውጭ አየር ስቦ ሴንሰሩን ያሳስታል፤ ጠዋት ሲነሳ የሚሰማ ቲክ ቲክ ድምፅና ጥላሸት ምልክቱ ናቸው። ሴንሰሩን ራሱን የምትመረምሩት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ባለ 1 ቮልት ዓይነቱ ድብልቁ በቤንዚን ሲበዛ ከ0.8 ቮልት በላይ፣ አየር ሲበዛ ከ0.2 በታች መሆን አለበት፤ ሁለቱንም በፍጥነት ከደረሰ ደህና ነው።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሞተሩ እየሳተ ነው፣ ማለትም አንዳንድ ሲሊንደር ሳያቃጥል ያልፋል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊስቱን (የጭስ ማጽጃውን) ያቃጥላል። አትንዱት። መብራቱ ሳይርገበገብ ቢበራም በ+25 ወራት መንዳት ቫልቭ ሊያስበላ ይችላል።

ከጥገና በኋላ ኮዱን በስካነር ሰርዙ፣ 30 ደቂቃ ያህል ከተማ ውስጥም አቀበት ላይም ንዱ፣ ድምሩ ከ+10 በታች መቆየቱን እዩ። ሳትሰርዙት ብትተዉትም ጥፋቱ ከተስተካከለ ከሦስት ተከታታይ ደህና ጉዞዎች በኋላ መብራቱ ራሱ ይጠፋል። ተመልሶ ከበራ አዲሱን ፍሪዝ ፍሬም ከድሮው ፎቶ ጋር አስተያዩ፦ ዙሩና ሙቀቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ የመጀመሪያው ጥፋት አልተነካም ይሆናል፣ ከተለያዩ ሁለተኛ ጥፋት ሊኖር ይችላል።