ሽምብራውን ቀቀልነው

ጤና ይስጥልኝ። በያጆችም፣ ላሜራ ቀጥቃጮችም፣ እንኳን መጣችሁ።

በራሴ ጉድ ልጀምር። አንድ ጊዜ ከአዘዞ የመጣች አዲስ መኪና የበር ምሰሶዋ ጎብጦ ግማሽ ቀን ታገልኩት። ስጫነው ይቃናል፣ ስለቀው ይመለሳል። ረዳቴ ሰለቸውና «ጋሼ፣ እሳት እናሳየው» አለኝ። አሳየነው፣ ተቃና። ምን እንዳጠፋን የገባኝ በኋላ ሳነብ ነው።

ከለመድነው ለስላሳ ላሜራ 1 ሚሊሜትር በ1 ሚሊሜትር የሆነች ቀጭን ዘንግ ቆርጣችሁ ክብደት ብታንጠለጥሉባት 30 ኪሎ ገደማ ላይ ትበጠሳለች። የዚያች መኪና ምሰሶ የተሠራበት 980 የሚባለው ብረት (ቁጥሩ ሜጋፓስካል ነው፣ የጥንካሬ መለኪያ) በዚያችው ውፍረት አንድ ኩንታል ጤፍ ይሸከማል። አንድ ኩንታል!

እንዴት? ሊጥ ውስጥ ሽምብራ በትኑ። ሊጡ ለስላሳው ብረት ነው፣ ፌራይት ይሉታል። ሽምብራው ማርተንሳይት ነው፤ ቀጥቃጭ የጋለ ካራ ውሃ ውስጥ ሲነክር የሚፈጠረው ድርቅ ያለው ነገር። ስትስቡት ሽምብራው ንቅንቅ አይልም፣ ስለዚህ በመሃል ያለው ሊጥ ከድርሻው በላይ ይጎተታል፣ በተጎተተ ቁጥር ደግሞ እየጠነከረ ይሄዳል። ሲበጠስም ብዙ ጊዜ ቀዳዳው የሚጀምረው ሊጡና ሽምብራው ከተያያዙበት ጠርዝ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ትሪፕ የሚባለው ሌላ ዓይነት ብረት ነው። ሽቦ ስትጎትቱ አንድ ቦታ ላይ ቀጥኖ አንገት ያወጣል አይደል? ከዚያ በኋላ አለቀለት። ትሪፕ ውስጥ ኦስተናይት የሚባል ገና ያልጠነከረ ክፍል ተቀምጧል፣ እሱም በተጎተተበት ቦታ ወደ ማርተንሳይት ይለወጣል። ሊቀጥን የነበረው ቦታ ይጠነክርና ጉተታው ወደ ጎረቤቱ ያልፋል።

ምሰሶው ስለቀው መመለሱስ? የለስላሳው ላሜራና የ980ው ግትርነት እኩል ነው፣ የሁለቱም 200 ጊጋፓስካል ገደማ። ልዩነቱ 980ው ቅርጹን እስኪለውጥ ድረስ ብዙ ኃይል ይችላል፣ ስለዚህ ስትለቁት ብዙ ይመለሳል። ምሰሶው እልኸኛ ሆኖብኝ አልነበረም።

እሳቱ ደግሞ ሽምብራውን ቀቀለው። ምሰሶው ቀና፣ ጥንካሬው ሄደ። መኪናዋ ከጎን ብትመታ ሰው የሚያድነው ያ ምሰሶ ነበር እኮ። ባለቤቱን ጠርቼ እስክነግረው ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምሰሶውንም በራሴ ወጪ ቀየርኩ።

በሉ፣ ቀረብ በሉ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቁራጭ ላሜራ አለ፣ ሁለቱም 1 ሚሊሜትር። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም። መጀመሪያ ማን ያጥፍ?