ማርስን ሆልስት ራሱ እንዴት መራው?

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለ አሮጌ ሸክላ ለመስማት መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ሻይ ያልደረሰው ካለ ከኋላ አለ፣ ተነስታችሁ መቅዳት ትችላላችሁ።

የማወራችሁ ስለ አንድ ሙዚቃ ነው። «ፕላኔቶች» ይባላል። ደራሲው እንግሊዛዊው ጉስታቭ ሆልስት ነው። ሰባት ክፍል አለው፦ ማርስ፣ ቬነስ፣ ሜርኩሪ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስ፣ ኔፕቱን። እንዲህ ተከታትለው የሚጫወቱ ክፍሎች ያሉትን የኦርኬስትራ ሥራ ሱይት ይሉታል። አንዳንዶቻችሁ «እኛ ሰምተነው አናውቅም» ትሉ ይሆናል። ሰምታችሁታል። በ1997 የልዕልት ዲያናን ቀብር በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሁሉ ከጁፒተር መሃል የተወሰደውን ዜማ በመዝሙር መልክ ሰምቶታል። ዓመቶቹንና ወሮቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፣ ካልሆነ እኔም እናንተም እንምታታለን።

ሆልስት ሀብታም ሰው አልነበረም። እዚሁ ለንደን ሃመርስሚዝ ውስጥ የሴቶች ትምህርት ቤት የሙዚቃ አስተማሪ ነበር። ሙዚቃ የሚጽፈው ባገኛት ክፍት ሰዓት፣ በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድና በእረፍት ወራት ነው። ቀኝ እጁን የነርቭ ሕመም ያሠቃየው ስለነበር፣ እንዲህ የገዘፈ ኖታ ብቻውን መገልበጥ አልቻለም። ቫሊ ላስከርና ኖራ ዴይ የሚባሉ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው የረዱት፤ እሱ እየነገራቸው ይጽፉለታል፣ ከዚያ በሁለት ፒያኖ ይጫወቱለታል። ማርስን በ1914 ጦርነቱ ከመፈንዳቱ በፊት ጀመረ፣ ሥራው በሙሉ እስኪያልቅ ሦስት ዓመት ያህል ፈጀ።

ሐሳቡ የመጣለት ከሥነ ፈለክ ምርምር አይደለም፣ ከኮከብ ቆጠራ ነው። ይህን ስሰማ ልቤ ሞቅ አለ፣ ምክንያቱም ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። የእኛም የጥንት ኮከብ ቆጣሪዎች ማርስን መሪህ፣ ሳተርንን ዙሐል እያሉ ለእያንዳንዱ ጠባይ ይሰጡት ነበር። ሆልስትም ያደረገው ይህንኑ ነው። ማርስ ጦርነት አምጪ፣ ቬነስ ሰላም አምጪ፣ ሳተርን እርጅና አምጪ። ከሰባቱ እሱ አብልጦ የሚወደው ሳተርንን ነበር። እኔ በወጣትነቴ ሳተርንን እየዘለልኩ ጁፒተርን ነበር የምሰማው። አሁን ሳተርን ሲጀምር የያዝኩትን ሥራ አቆማለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው መስከረም 29 ቀን 1918 ነው፣ እሁድ ጠዋት፣ ኩዊንስ ሆል በሚባለው አዳራሽ፣ ለተጋበዙ ሰዎች ብቻ። ባልፎር ጋርዲነር የተባለ ሀብታም ወዳጁ አዳራሹንና ኦርኬስትራውን ተከራይቶ ስጦታ አድርጎ ሰጠው። እስቲ አስቡት፣ ለወዳጅ አንድ ሙሉ ኦርኬስትራ! የመራው የ29 ዓመቱ ኤድሪያን ቦልት ነው። ልምምድ ያገኙት ሁለት ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነው። የጽዳት ሠራተኞቹ ኮሪደሩን እየወለወሉ ሳለ ጁፒተር ሲጀምር መወልወያቸውን ጥለው ጨፈሩ ይባላል፤ ይህን የጻፈችው የሆልስት ልጅ ኢሞጅን ናት። ያ አዳራሽ ዛሬ የለም። በ1941 በጀርመን ቦምብ ተቃጠለ።

እንግዲህ ወደ ቀረጻው ልግባ፣ የጠራኋችሁ ለእሱ ነው።

ከ1922 ጀምሮ ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ ኩባንያ ሆልስትን ራሱን የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን እያስመራ ሰባቱንም ክፍል ቀረጸ። ያኔ ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረጻ አይውልም። ያለው ትልቅ ጡሩንባ ነው። ሰዎቹ ወደ ጡሩንባው አፍ ይጫወታሉ፣ ድምፃቸው በጉልበቱ መርፌዋን ያንቀጠቅጣታል፣ መርፌዋ የሚሽከረከረውን ሰም ትቆርጣለች። በቃ ይኸው ነው። ኤሌክትሪክ የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ፣ በኋላ ማረም የለ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ሰው ከሳተ ሰሙ ይጣላል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ የእኛው ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄዶ ሸክላ ሲያስቀርጽም የዘፈነው በዚሁ ዓይነት ጡሩንባ ውስጥ ነው። ግን ተሰማ አንድ ሰው ነው፣ መሣሪያውም አንድ ነው። ጡሩንባው ለእንደዚያ ዓይነቱ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። «ፕላኔቶች» ደግሞ ስድስት ሆርን (የተጠቀለለ የናስ መንፊያ ነው)፣ ሁለት ሃርፕ፣ ሁለት የቲምፓኒ፣ ማለትም የትልልቅ ከበሮ፣ መቺ፣ ኦርጋንና የሴቶች መዘምራን ይፈልጋል፣ ሲሟላ መቶ ሰው ገደማ ይሆናል።

ይህን ሁሉ በአንዲት የታፈነች ክፍል ውስጥ አንድ ጡሩንባ ፊት እንዴት ትደረድረዋለህ? አትደረድረውም። ቀንሰህ ታጭቃለህ። በዚያ ዘመን በአጠቃላይ የተለመደው የተጫዋቾቹን ቁጥር መቀነስ ነበር፣ ኮንትራባስ የሚባለውን ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ ወፍራም ድምፅ ጡሩንባው በደንብ ስለማይይዘው ቱባ በሚባል ትልቅ የናስ መንፊያ ይተኩት ወይም ያግዙት ነበር። የቬነስን መክፈቻ ያስታወሰ ሰው ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይገባዋል። አንድ ሆርን ብቻውን በለሆሳስ ይጀምራል፣ አራት ኖታ፣ ከዝምታ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚወጣ። የሆርን ተጫዋቹ እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ አጥቶ፣ ትንፋሹን እንኳ በቅጡ መሳብ ተስኖት፣ ደጋግሞ ሞክሮ በመጨረሻ ድካም ጣለው። ይህንንም ኢሞጅን ጽፋዋለች። እኔ ያንን ሸክላ ሳደምጥ የሙዚቃውን ያህል ያንን ሰውዬ አስባለሁ።

ከዚያ በ1925 ኤሌክትሪክ መጣ። ማይክሮፎን። ሁሉ ነገር ተለወጠ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ብቻ የቆዩት ሸክላዎች በአንድ ጊዜ አረጁ። በ1926 ሆልስት ሁሉንም እንደገና ቀረጸ፣ በዚያው ኦርኬስትራ፣ ለዚያው ኩባንያ። ያን ድካም ሁሉ አልፎ ደግሞ ከዜሮ። አንድ ደራሲ ያንኑ ትልቅ ሥራውን በሁለቱም የቀረጻ ዘመን ራሱ መርቶ ማስቀመጡ ለእኛ ለአድማጮች ትልቅ ዕድል ነው።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ምክንያቱም የዛሬው ነገሬ ዋናው እዚህ ላይ ነው።

በ1926ቱ ቀረጻ ሆልስት ማርስን የጨረሰው በስድስት ደቂቃ አካባቢ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊት ላይ ሳደምጠው ማጫወቻው የተበላሸ መስሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ተነስቼ ፍጥነቱን አየሁ። ምክንያቱም እኔ የለመድኩት ማርስ ከባድ ነው፣ እንደ ታንክ እየተንፏቀቀ የሚመጣ፣ ሰባት ደቂቃና ከዚያም በላይ። ምቱ አምስት አምስት ነው፣ ቫዮሊኖቹ በቀስቱ ፀጉር ሳይሆን በእንጨቱ ክሩን ይመቱታል፣ ከሩቅ የሚሰማ የእግር ኮቴ ይመስላል። የሆልስት ግን ይሮጣል። ፋታ አይሰጥም። ጦርነቱ እየመጣ አይደለም፣ ደርሷል።

«ሸክላው ስለማይበቃው ነው የቸኮለው» ይላሉ። ብዙ ቦታ ይህን አንብቤያለሁ፣ ብዙ ሰውም አምኖታል። የሸክላ አንድ ፊት የሚይዘው ከአራት ደቂቃ ትንሽ በለጥ ያለ ነው፣ እውነት ነው። ግን ሒሳቡን እንሥራው። ስድስት ደቂቃ በአንድ ፊት አይገባም፣ ስለዚህ ማርስ ሁለት ፊት ወስዷል። ሁለት ፊት ደግሞ ስምንት ደቂቃ ይይዛል። ሁለት ደቂቃ ትርፍ ቦታ ነበረው! ቢፈልግ ኖሮ ዛሬ እንደሚጫወቱት ቀስ አድርጎ ሊመራው ይችል ነበር። አልፈለገም። እኔ የማምነው ማርስ በጭንቅላቱ ውስጥ የነበረው እንደዚያ፣ በፍጥነቱ ነው ብዬ ነው፤ የሸክላው ጠባብነት ሌላውን ክፍል ነካክቶት ይሆናል፣ ማርስን ግን አልነካውም።

ታዲያ ማን አዘገየው? እዚህ ላይ ነገሩ ልብ ይነካል። ኤድሪያን ቦልትን አትርሱት፣ ያን እሁድ ጠዋት የመራውን ወጣት። ሆልስት ራሱ በኖታው ቅጂ ላይ «ፕላኔቶች» በሕዝብ ፊት እንዲያበሩ መጀመሪያ ያደረገው እሱ ነው ብሎ ምስጋናውን ጽፎለታል። ቦልት ይህን ሥራ በሕይወቱ አምስት ጊዜ ቀረጸ። መጀመሪያ በ1945 ከቢቢሲ ሲምፎኒ ጋር፣ የመጨረሻውን በ1978 ከለንደን ፊልሃርሞኒክ ጋር፣ በ89 ዓመቱ። ስድሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሙዚቃ ይዞ መኖር ማለት ነው። የ1978ቱ ማርስ ወደ 8 ደቂቃ ይጠጋል። ግዙፍ ነው፣ የሚያስፈራ ነው፣ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ግን አያችሁት፣ ደራሲውን በቅርብ ያወቀው፣ የመጀመሪያውን ቀን የነበረው ሰው ራሱ ከደራሲው በሁለት ደቂቃ ያህል ርቋል። ቦልትን ልወቅሰው አይደለም። በሁለት የዓለም ጦርነት ውስጥ ያለፈ ሽማግሌ ማርስን እንደ 1918ቱ ልጅ ሊያየው አይችልም።

መሃል ላይ ያሉትን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። በ1961 ሄርበርት ፎን ካራያን ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር ዴካ ለተባለው የሸክላ ኩባንያ ቀረጸው፣ አዘጋጁ ጆን ካልሾ ነበር። በስቴሪዮ። ይህ ሙዚቃ ከእንግሊዝ ውጭ በሰፊው እንዲገባ ብዙ የረዳ ቀረጻ ነው፣ እኔም የመጀመሪያዬ እሱ ነበር፣ ከሸክላ ሳይሆን ከካሴት። ከዚያ በኋላ ያልቀረጸው ታዋቂ መሪ ጥቂት ነው። በርንስታይን በኒው ዮርክ፣ ፕሬቪን በለንደን፣ ዱትዋ በሞንትሪያል። በ1976 ጃፓናዊው ቶሚታ ሥራውን በሙሉ በሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር መሣሪያ፣ ሠራው፣ ኢሞጅን ሆልስት ግን የአባቴ ሥራ እንዲህ መሆን የለበትም ብላ ተቃወመች። እኔ የቶሚታን እወደዋለሁ፣ እሷንም እረዳታለሁ።

በ2006 ሳይመን ራትል ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር ሲቀርጸው እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ኮሊን ማቲውስ ያከለውን ስምንተኛ ክፍል፣ ፕሉቶን፣ አብሮ አስገባ። ፕሉቶ የተገኘው በ1930 ነው፣ ሆልስት የሞተው በ1934፤ ልጨምርበት ብሎ ግን አልነካካውም። የራትል ሲዲ ገበያ ላይ የወጣው በነሐሴ ነው። በዚያው ወር የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ፕራግ ላይ ተሰብስበው ፕሉቶን ከፕላኔት ተራ አወጡት። የሆልስት ሰባቱ ሰባት እንደሆኑ ቀሩ።

አንድ ነገር ልጨምርና እናዳምጣለን። ኔፕቱን የሚያልቀው በሴቶች ድምፅ ነው፣ ቃል በሌለው ዜማ። ሆልስት መዘምራኑ መድረክ ላይ አይታዩም ብሎ ጽፏል። በጎን ባለ ክፍል ውስጥ ይሆናሉ፣ በሩ እስከ መጨረሻው መስመር ክፍት ይሆናል፣ ከዚያ ያቺን መስመር እየደጋገሙ ሲዘምሩ በሩ ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ ይዘጋል፣ ዜማው ርቆ እስኪጠፋ። ዛሬ በስቱዲዮ አንድ ሰው የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ ወደ ታች ቢስብ ይበቃል። ድምፁ ያንሳል፣ ያልቃል። ግን የበሩ ሌላ ነው። በር ሲዘጋ ድምፁ ማነስ ብቻ ሳይሆን ይደበዝዛል፣ ቀጭን ቀጭኑ መጀመሪያ ይሄዳል፣ የቀረው በግድግዳው ውስጥ የሚመጣ ይመስላል፣ አልቋል ስትል ገና አለ። አዲስ ቀረጻ ስትገዙ በመጀመሪያ ይቺን የመጨረሻ ደቂቃ ስሙ። በር ይሁን ቁልፍ ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

በሉ እንጀምር። ይሄ ከአንድ ወዳጄ የተዋስኩት የ1926ቱ ሸክላ ነው፣ እንደገና ተቀድቶ የተጸዳው ሳይሆን ዋናው። ሲንጫጫ አትደንግጡ፣ ሃያ ሰከንድ ካለፈ በኋላ ጆሮ ይለምደዋል። ስልክ ያለው ድምፁን ያጥፋልኝ። ከበሩ አጠገብ ያላችሁ መብራቷን ቀንሱልን። የመጀመሪያው ፊት ማርስን መሃል ላይ ይቆርጠዋል፣ ያኔ ማንም እንዳያወራ፣ ገልብጬው ከቆመበት ይቀጥላል።