ጎን ለጎን የሚቆሙ፣ ያለፈውንም የማይረሱ ባሮች በላብቪው

[ስክሪኑ ላይ፦ ባለ ሦስት ቀለም ባር ግራፍ፣ የሚታየው ግን አንዱ ቀለም ብቻ]

ይሄ የምታዩት የሦስት የሙቀት ሴንሰሮች ንባብ ነው። ሦስት አልኩ፣ የሚታየው ግን አንድ ባር ነው። መጀመሪያ ሲገጥመኝ ሁለቱ ሴንሰሮች የተበላሹ መስሎኝ ገመድ ስነቅል ስሰካ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ሴንሰሮቹ ምንም አልሆኑም። ባሮቹ ናቸው አንዱ ከሌላው ጀርባ የተደበቁት።

ዛሬ ሁለት ነገር እንፈልጋለን። ባሮቹ ጎን ለጎን ይቁሙ፤ ያለፉት ንባቦችም አይጥፉ። ለየብቻ ሁለቱም ቀላል ናቸው። ጣጣው አንድ ላይ ሲፈለጉ ነው።

ላብቪው፣ ማለትም ሳጥኖችን በሽቦ እያያዝን ፕሮግራም የምንሠራበት ሶፍትዌር፣ ውስጥ ቻርት እና ግራፍ አንድ አይደሉም። በወሬ መሃል እያቀያየርን እንጠራቸዋለን እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ዌቭፎርም ቻርት ያስታውሳል። አዲስ ቁጥር ሲገባለት ከቀደሙት ቀጥሎ ያስቀምጠዋል፤ ካልቀየራችሁት 1024 ነጥብ ይይዛል። ግራፍ ግን አሁን የሰጣችሁትን ብቻ ይስላል። የቅድሙን ጠራርጎ ያጠፋዋል።

ታዲያ ቻርቱ ለምን አይበቃንም? ሦስቱንም ፕሎት፣ ማለትም የየሴንሰሩን ሥዕል፣ እዚያው አንድ ነጥብ ላይ ስለሚያቆማቸው ነው። መስመር ቢሆን ግድ የለም፣ ይሻገራሉ እንጂ አይሸፋፈኑም። ባር ሲሆን ግን አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ኤክስ ዋይ ግራፍ ላይ የእያንዳንዱን ባር ቦታ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ ትዝታ ግን የለውም። ስለዚህ እኔ ኤክስ ዋይ ግራፉን እመርጣለሁ፣ ትዝታውን ራሴ እይዝለታለሁ።

[ስክሪኑ ላይ፦ አንዱ የባር ቡድን ተጠግቶ]

የመጨረሻዎቹን 12 ንባቦች እናሳይ። የአሁኑን 0 ላይ፣ ከሁሉ የቆየውን -11 ላይ እናስቀምጥ። የ0ን ቡድን ቀረብ ብላችሁ እዩት። የመጀመሪያው ሴንሰር ባር -0.25 ላይ ነው፣ ሁለተኛው 0 ላይ፣ ሦስተኛው 0.25 ላይ። የአንዱ ባር ስፋት 0.25 ከሆነ ሦስቱ ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ። ቡድኑ ከ-0.375 እስከ 0.375 ይዘልቃል። ከጎኑ ያለው ቡድን -0.625 ላይ ስለሚያልቅ በመሃል የአንድ ባር ያህል ክፍተት ይቀራል። ዓይን ቡድን ከቡድን የሚለየው በዚያች ክፍተት ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ እነዚህ የኤክስ ቁጥሮች መቼም አይቀየሩም። ከሉፑ፣ ማለትም በየዙሩ ከሚደጋገመው የፕሮግራሙ ክፍል፣ ውጭ አንዴ ሠርታችሁ ማስገባት ነው።

ስፋቱን በፕሮፐርቲ ኖድ፣ የግራፉን መልክ ከፕሮግራሙ ውስጥ በሚቀይረው ሳጥን፣ ስጡት። ኖዱ ከላይ ወደ ታች ስለሚሠራ መጀመሪያ የትኛው ፕሎት እንደሆነ፣ 0፣ 1 ወይም 2 ብላችሁ ንገሩት፤ ከዚያ ስፋቱን። ከገለበጣችሁት ስፋቱ የሚሄደው ቀድሞ ለተመረጠው ፕሎት ነው።

[ስክሪኑ ላይ፦ ዋይል ሉፕ፣ ጠርዙ ላይ ሦስት ሺፍት ሬጅስተር]

አሁን ወደ ትዝታው። ለየሴንሰሩ አንድ ሺፍት ሬጅስተር፣ ማለትም ካንዱ ዙር ወደ ቀጣዩ ዋጋ የሚያሻግር መያዣ፣ ውስጡ 12 ቦታ ያለው አሬይ (የቁጥሮች ድርድር)። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በየዙሩ አሬዩን በአንድ ቁጥር ያስረዝመዋል። ለሙከራ ይሠራል። ፕሮግራሙ ለቀናት ሲሠራ ከዋለ ግን አሬዩ ማደጉን አያቆምም፣ ሜሞሪ ይበላል፣ ሁሉ ነገር ይንቀራፈፋል። ከዚያ ይልቅ አሬዩን በ-1 አሽከርክሩት። ሁሉም አንድ አንድ ቦታ ወደ ፊት ይላሉ፣ የቆየው ዞሮ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ቦታ 11 ላይ አዲሱን ንባብ ተኩበት። መቁጠር ከ0 ስለሚጀምር 11 ማለት መጨረሻው ነው። መጠኑ ሁሌም 12።

ከዚያ የየሴንሰሩን ኤክስ እና ዋይ ባንድል አድርጉ፣ ማለትም አንድ ላይ እሰሩ፤ ሦስቱን ክላስተሮች (እስሮች) በቢልድ አሬይ ወደ አንድ አሬይ ሰብስባችሁ ወደ ግራፉ ላኩ። አለቀ።

አሬዩን ስታዘጋጁ በ0 ሳይሆን በናን ሙሉት፤ ቁጥር ያልሆነ ማለት ነው። ናን አይሳልም። 0 ብትሞሉት ግን ሴንሰሩ በእርግጥ ዜሮ ያነበበ ይመስላል። ለሙቀት መለኪያ ይሄ ነጭ ውሸት ነው።

ፕሮግራሙን አቁማችሁ ስትመልሱት ያለፈው እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ፣ ሺፍት ሬጅስተሩ ላይ ከውጭ ምንም ሽቦ አትስጡት። የያዘውን ይዞ ይጠብቃችኋል። ግን መጀመሪያ ሲከፈት በውስጡ ያለው ባዶ አሬይ ነው። ባዶ አሬይ ላይ ደግሞ የሚተካ ነገር የለም። ስህተት ብሎ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ባዶ ይመልሳል፣ ግራፉም ባዶ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በየዙሩ መጀመሪያ አሬዩ ባዶ መሆኑን ጠይቁ፤ ባዶ ከሆነ 12ቱን ናን ስጡት።

የዋይ መስመሩን ደግሞ ራሱ እንዲመጥን አትልቀቁት። ከ20 ከጀመረ 21 እና 24 ዲግሪ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ታችኛውን ጫፍ 0 ላይ እሰሩት።

ፕሮግራሙ ከሜሞሪ ሲወጣ ሺፍት ሬጅስተሩም ይረሳል። ለነገ የሚፈለገውን ፋይል ላይ ጻፉት።