ሩብ ድምፅ፣ 23 ወንበር፦ የብሪታንያው የመሃል ፓርቲ መነሻና ማብቂያ

እሱ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፤ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነን። የዛሬው ጉዳያችን የብሪታንያው ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሮይ ጄንኪንስ፣ ዴቪድ ኦዌን፣ ሸርሊ ዊሊያምስና ቢል ሮጀርስ ከሌበር (የሠራተኞች) ፓርቲ ወጥተው መሠረቱት።

እሷ፦ ጊዜውም ተመችቷቸው ነበር። በአንድ በኩል የወግ አጥባቂዋ ጠቅላይ ሚኒስትር የታቸር መንግሥትና ሥራ አጥነት፣ በሌላ በኩል ወደ ግራ የከረረ ሌበር። ከሁለቱም ያልሆነው ሰው ማረፊያ ይፈልግ ነበር። ከሊበራል ፓርቲ ጋር ጥምረት ፈጠሩ፤ ዓመቱ ሳያልቅ በአንድ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ድጋፋቸው 50 ከመቶ ደረሰ።

እሱ፦ በ1982 ግን ብሪታንያ ከአርጀንቲና ጋር የተዋጋችበት የፎክላንድ ጦርነት መጣ፤ ታቸርም በድሉ ተጠናከሩ።

እሷ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ የ1983ቱ ምርጫ ነው። ሌበር 27.6 ከመቶ፣ ጥምረቱ 25.4 ከመቶ ድምፅ አገኙ። ወንበሩን ስማ፦ ሌበር 209፣ ጥምረቱ 23!

እሱ፦ ያውም ከ650 ወንበር። የሶሻል ዴሞክራቶቹ ድርሻ 6 ብቻ ነበር።

እሷ፦ በአንድ የምርጫ ክልል ሦስት ሰዎች ቢወዳደሩና አንዱ 38፣ ሌላው 35፣ ሦስተኛው 27 ከመቶ ቢያገኙ፣ ባለ 38ቱ ምክር ቤት ይገባል። የ62ቱ ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል። የሌበር ደጋፊ በማዕድንና በፋብሪካ ከተሞች የተሰባሰበ ነበር፤ የመሃሉ ደጋፊ ግን በየቦታው ስለተበተነ በብዙ ቦታ ሁለተኛ እየወጣ ባዶ እጁን ተመለሰ።

እሱ፦ እኔ ሁሉንም በምርጫ ሥርዓቱ ላይ አልጭነውም። መሪዎቹም አልተስማሙም። በ1987 ድምፃቸው ወደ 22.6 ከመቶ ሲወርድ የሊበራሎቹ መሪ ዴቪድ ስቲል እንዋሃድ አሉ፤ ኦዌን እምቢ አሉ። አባላቱ ውህደቱን ደገፉ፤ በ1988 ተዋሃዱ። ኦዌን ጥቂት ሰዎችን ይዘው የድሮውን ስም አስቀጠሉ። በ1990 ቡትል በተባለ ቦታ በተደረገ የማሟያ ምርጫ ያገኙት 155 ድምፅ ነው፤ ለቀልድ የተቋቋመ ፓርቲ 418 አግኝቶ ቀደማቸው። በቀጣዩ ወር ፓርቲው ፈረሰ።

እሷ፦ ያሳዝናል፤ ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ፖለቲካ ውስጥ የገባው በዚያ ፓርቲ ነበር። ይህን የማነሳው ደግሞ የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ስለሚል ነው። ድሬዳዋ ከ547 ወንበር ያላት 2 ነው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው በአንድ ግቢ በሚኖርባት ከተማ የመሃል ሐሳብ ሰሚ አያጣም፤ በአገር ደረጃ ሲበተን ግን ወንበር አያመጣም።

እሱ፦ ታዲያ የመሃል ፓርቲዎች ምን ያድርጉ ትያለሽ?

እሷ፦ ተመጣጣኝ ውክልና፣ ማለትም ወንበር በድምፅ ድርሻ የሚከፋፈልበት ሥርዓት፣ ይምጣልን ብለው ይታገሉ። እስከዚያው አገሩን ሁሉ ከማዳረስ ጥቂት የምርጫ ክልሎችን መርጠው ዓመቱን ሙሉ እዚያ ይሥሩ።

እሱ፦ እኔ ደግሞ ከምርጫው በፊት ማን እንደሚመራ ይስማሙ እላለሁ።