ጅረታችን ላይ ለሚያርፉት የዱር ዳክዬዎች ምን እንስጣቸው?

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የአትክልትና የአእዋፍ ወዳጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች «ግቢን አቋርጦ በሚያልፍ ጅረት ላይ ስለሚያርፉ የዱር ዳክዬዎች ይንገሩን» ሲሉኝ፣ ሰው በዋናነት መስማት የሚፈልገው ምኑን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ምን እናብላቸው የሚለውን ነዋ!» አሉኝ። እሺ፣ እሱኑ እናገራለሁ። ግን ከወዲሁ ላስታውቃችሁ፤ የንግግሬ ግማሽ ስለማይሰጣቸው ነገር ነው፤ ከቀረው ውስጥም ብዙው ስለ ጭቃና ስላልታጨደ ሣር ነው። አቋሜ አጭር ነው፦ የዱር ዳክዬን አስቀድሞ ማብላት ያለበት ጅረቱ ራሱ ነው። የእኛ እጅ ከገባም በመጠኑ ይግባ።

መጀመሪያ እንግዳውን እንወቀው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ግቢ ድረስ ዘልቆ የሚመጣው የዱር ዳክዬ ብዙውን ጊዜ ማላርድ የሚባለው ነው። ወንዱ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ራስ፣ አንገቱ ላይ ቀጭን ነጭ ቀለበት፣ ቢጫ ምንቃር አለው። ሴቷ ቡናማ ናት፤ ጎጆዋ ላይ ስትተኛ ከደረቅ ሣር አትለይም። በነገራችን ላይ ያ ሁላችንም የምናውቀው ጮክ ያለ «ኳክ ኳክ» የሴቷ ድምፅ ነው። ወንዱ መልኩ ቢያምርም ድምፁ ሻካራና ዝቅ ያለ ነው። ከጥቂቶች በቀር በየቤቱ የሚረቡት የዳክዬ ዝርያዎች የተገኙትም ከዚሁ ከማላርድ ነው።

አሁን ስትበላ እንያት። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ምንቃሯን ጠፍጠፍ አድርጋ ታስተኛና በፍጥነት ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ታደርገዋለች። ውሃው በፊት ይገባል፣ በጎን ይወጣል። በምንቃሯ ጠርዝ ላይ ልክ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን ነገሮች አሉ፤ ውሃውን እያሳለፉ ዘሩን፣ የነፍሳቱን እጭ፣ ትንንሹን ቀንድ አውጣ ያስቀራሉ። ውሃው ትንሽ ጠለቅ ካለባት ደግሞ ራሷን ወደ ታች ደፍታ ጅራቷን ወደ ሰማይ ትሰቅላለች። በዚያን ጊዜ ማላርድ እየጠለቀች አይደለም፤ አንገቷ እስከሚደርስበት ድረስ ጭቃውን እየፈተሸች ነው። አንገቷ ካልደረሰ ምግቡ አመለጣት ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እህል የት ይበተን ወደሚለው ስንደርስ እንመለስበታለን።

ጥርስ የላትም። የዋጠችውን የሚፈጭላት ጡንቻ የበዛበት ጨጓራዋ ነው፤ ለመፍጫውም ከጅረቱ ዳር ጠጠርና አሸዋ እየለቀመች ትውጣለች። ይህ ልማዷ አንድ አደጋ አለው። የአዳኝ ጥይት ፍንጣሪም ሆነ ከመረብና ከመንጠቆ የወደቀ፣ እርሳስ ከሚባለው ብረት የተሠራ ማክበጃ ለእሷ ያው ጠጠር ነው፤ ጨጓራዋ ውስጥ እየተፈጨ ደሟን ይመርዛል። አሜሪካ የውሃ አእዋፍን በእርሳስ ጥይት ማደንን እ.ኤ.አ. በ1991 በመላ አገሪቱ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጅረታችሁ ዳር እርሳስ ወድቆ ካያችሁ ዝቅ ብላችሁ አንሱት። ከምትበትኑላት እህል ሁሉ ይህ ይበልጥላታል።

እንግዲህ ወደ ዳቦው።

ዳቦ መርዝ ነው የሚል ሰው ታገኛላችሁ። አይደለም። አንዲት ዳክዬ ቁራሽ ዳቦ ስለበላች አትሞትም፤ ልጆቻችንን በዚህ ማስፈራራትም አያስፈልግም። ችግሩ ሌላ ነው። ዳቦ ሆድ ይሞላል፣ ፕሮቲኑና ቫይታሚኑ ግን ለእሷ በጣም ትንሽ ነው። የጠገበች ዳክዬ ደግሞ ጭቃ አትፈትሽም። አንድ ሰው ቁራሽ ሲወረውር ምንም አይመስልም፤ ያው ጅረት ግን የእኔን ግቢ አልፎ በእናንተ ግቢ፣ ከዚያም በጎረቤት ግቢ ይሄዳል፤ ዳክዬዋም አብራ ትወርዳለች። በየደጃፉ ስትጎርስ ውላ ማታ ሆዷ የተሞላው በዳቦ ብቻ ይሆናል። ማናችንም ብዙ አልሰጠናትም፤ ሁላችንም ተጋግዘን ግን ምግቧን ቀይረንባታል።

በተለይ ለሚያድጉ ጫጩቶች ይህ ከባድ ነው። የክንፋቸው ጫፍ ወደ ውጭ ተጣሞ የሚቀር፣ መብረር የማይችሉ ወጣት የውሃ ወፎች አሉ። ባለሙያዎች ችግሩን ኃይል ሰጪ ምግብ ከመብዛቱና ቫይታሚን ከማነሱ ጋር ያያይዙታል። ወፏ ካደገች በኋላ ያ ክንፍ አይቃናም።

የሻገተ ዳቦ ደግሞ ከነጭራሹ አይታሰብ። «እኛ የማንበላውን እነሱ ይብሉት» የሚለው አስተሳሰብ ደግነት አይመስለኝም፤ ቆሻሻ ማስወገጃ መፈለግ ነው። ሻጋታው በወፎች ሳንባና የአየር ከረጢት ውስጥ የሚያድግ፣ ብዙ ጊዜም የሚገድል በሽታ ያመጣል። ሳይበላ የቀረው ቁራሽም ወደ ታች ሰጥሞ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዳር ላይ የቀረውን ደግሞ አይጥ ታገኘዋለች። አይጥ አንዴ መንገዱን ካወቀች ዳክዬዎቹ ቢሄዱም እሷ አትሄድም።

ታዲያ ምን እንስጥ? ይሄ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። ገብስ፣ ስንዴ፣ ያልበሰለ አጃ፣ የተከካ በቆሎ፣ በረዶው የለቀቀ አረንጓዴ አተር፣ በደቃቁ የተከተፈ ሰላጣ። ጨው፣ ስኳርና ዘይት የነካው ነገር አይሰጥም። ቸኮሌትና አቮካዶ በፍጹም፤ አቮካዶ ውስጥ ፐርሲን የሚባል ለወፎች መርዝ የሆነ ንጥረ ነገር አለ። መጠኑ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተለቅሞ የሚያልቅ ይሁን። ካላለቀ አብዝታችኋል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀንሱ። ቦታው ደግሞ ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁ ነው፦ እህሉን አንገቷ በሚደርስበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ በትኑት፤ እየፈተሸች ታወጣዋለች። ጥልቁ ላይ ከበተናችሁት ሰጥሞ ይቀራል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አትስጡ። ከእጃችሁ እንድትበላም አታስለምዷት፤ እናንተን ያመነች ዳክዬ የጎረቤትን ውሻም ታምናለች።

ስለ ጫጩቶች ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ ልቡ የሚሸነፈው እዚያ ነው። እናቲቱ እንቁላሎቿን ለ28 ቀን ያህል ብቻዋን ትታቀፋለች። ወንዱ በዚህ መሃል ጥሏት ይሄዳል፤ አትፍረዱበት፣ ተፈጥሮው ነው። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ እናታቸውን ተከትለው ውሃ ይገባሉ፤ እናታቸው ግን እንደ እርግብ አታጎርሳቸውም። የሚበሉትን ራሳቸው ነው የሚይዙት፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚይዙትም በብዛት ነፍሳትን ነው። ትንኝ፣ እጭ፣ ውሃው ላይ የወደቀ ዝንብ። ላባና ጡንቻ የሚሠራላቸው ይህ ፕሮቲን ነው፤ በሁለት ወር ገደማ ለመብረር የሚያበቃቸውም እሱ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ ፍርዱን ለእናንተ ልተው፦ ጠዋት አትክልታችንን በፀረ ተባይ መድኃኒት ረጭተን ከሰዓት በኋላ እህል ይዘን ጅረቱ ዳር ብንቆም ምን አደረግን ይባላል?

አንድ ነገር ደግሞ ለወላጆች። ብቻዋን የተገኘች ጫጩት ሁሉ ወላጅ አልባ አይደለችም፤ እናቷ ቅርብ ልትሆን ትችላለች። ራቅ ብላችሁ ጠብቁ እንጂ ወደ ቤት አታስገቧት። ኮንራድ ሎሬንዝ የተባለው የኦስትሪያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ሥራው እንዳሳየው፣ አዲስ የተፈለፈሉ ዳክዬዎችና ዝይዎች በመጀመሪያ ሰዓታት ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር እናታችን ብለው ይከተላሉ። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1973 ኖቤል ሽልማት የተካፈለው በዚህና በመሳሰሉት ሥራዎቹ ነው። ሰውን እናቴ ያለች ዳክዬ ግን ከዳክዬዎች ጋር መኖር ይከብዳታል።

እህሉን ትቼ ወደ ጅረቱ ዳርቻ ልመለስ። ማጨጃ መኪናችሁን ከውሃው ጥቂት ሜትር ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት። ሣሩ ይደግ፣ ያብብ፣ ዘር ይጣል፤ ዘሩ ለዳክዬዋ ምግብ ነው፣ ሣሩ ለእጩ መጠለያ ነው፣ እጩ ለጫጩቷ ምሳ ነው። ቄጤማውን ከሥሩ አትንቀሉት። ዳርቻው በድንጋይ ቀጥ ብሎ የተገነባ ከሆነ ጫጩት ከውሃው መውጣት ስለማትችል ሻካራ ጣውላ ወይም ጥቂት ድንጋዮች ደረጃ አድርጋችሁ አስቀምጡላት። ግቢው ትንሽ የተንጨባረረ ይመስላል። ይምሰል። ከእንግዶቻችሁ ቅር የሚለው ካለ ዳክዬዎቹን አሳዩት።

ማር ሲበዛ ይመራል እንዲሉ፣ ምግብ ሲበዛም ዳክዬው ይበዛል፤ ጅረቱ ከሚችለው በላይ ይበዛል። ኩሳቸው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ስላለው ውሃው በአልጌ ይሸፈናል። በመራቢያ ወቅት ወንዶቹ ከሴቶቹ በልጠው ከተሰበሰቡ አንዷን ሴት ለብዙ ሆነው ያሳድዷታል፤ ውሃ ውስጥ ተደፍቃ የምትሞት አለች። ይህን ለሚያይ ሰው ዳክዬ ማብላት ከዚያ በኋላ የዋህ ጨዋታ ሆኖ አይታየውም።

በእንቅልፋቸው ጊዜም ተዉአቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በረድፍ ከተኙ ማላርዶች መካከል ጫፍና ጫፍ ያሉት አንድ ዓይናቸውን ገልጠው መተኛትን ያበዛሉ፤ የተገለጠው ዓይን ደግሞ ወደ ውጭ፣ አደጋ ሊመጣ ወደሚችልበት አቅጣጫ ነው። ግማሽ አንጎል ያርፋል፣ ግማሹ ይጠብቃል። እህል ይዘን በቀረብን ቁጥር ያንን ግማሽ ዕረፍት እናቋርጠዋለን። ከመራቢያው ወቅት በኋላም የወንዱ አረንጓዴ ራስ ጠፍቶ፣ የመብረሪያ ላባው በአንድ ጊዜ ረግፎ ስታዩት ታመመ ብላችሁ አትደንግጡ። ላባ እየቀየረ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ስለማይበር የሚፈልገው መደበቂያ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ውሻችሁን እሰሩ።

የመጨረሻው ጉዳይ ጤና ነው። የዱር ዳክዬዎች የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስን ምንም ሳይታይባቸው ሊሸከሙ ይችላሉ። ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን እ.ኤ.አ. በ1996 በቻይና ጓንግዶንግ በዝይ ላይ ተገኘ፤ በዓመቱ ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰዎችን ይዞ 6 ገደለ። በሽታው በአካባቢያችሁ ተከስቷል ከተባለ ማብላቱን ወዲያው አቁሙ፤ ወፎቹን አንድ ቦታ የሚያጨናንቀው የእኛ እህል ነው። ዶሮ የምታረቡ ሰዎች ደግሞ የዶሮዎቹን ውሃና መኖ ዳክዬ ከሚደርስበት አርቁ፣ ከጅረቱም ቀድታችሁ አታጠጧቸው። ልጆች እህል ከበተኑ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ኩሱ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያም ሊኖረው ይችላል።

በሞቃት ወቅት ውሃው ሲረጋና ጭቃው ሲበሰብስ ቦቱሊዝም የሚባል በሽታ የሚያመጣ መርዝ ይፈጠራል። መጀመሪያ ክንፏና እግሯ ይዝላል፣ ከዚያ አንገቷ፤ ራሷን ቀና ማድረግ አቅቷት ውሃው ውስጥ ትሰጥማለች። እንዲህ ያለች ዳክዬ ካያችሁ፣ ወይም የሞተች ካገኛችሁ፣ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ልጆችንና ውሻውን አርቁና ለእንስሳት ሐኪም ወይም ለሚመለከተው የመንግሥት ክፍል አሳውቁ።

የያዝኩት ይህ ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ስለ ዝይ የሚጠይቅም ካለ እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።