አንድ ዘፈን፣ ሁለት ሶሎ፦ ማስቴይን እና ሃሜት

ከጊታሪስቶች ዴቭ ማስቴይን ይበልጣል ወይስ ከርክ ሃሜት? የሜታል ሙዚቃ ወዳጆች በዚህ ሲነታረኩ ስንት ዓመታቸው። ችግሩ፣ አብዛኛው ሰው የሚያወዳድረው ፍጥነት ነው። ሩጫ ከሆነ የፈለጋችሁት ታላቁ ሩጫ አለላችሁ።

ሁለቱን ለማነጻጸር የተሻለ ነገር አለን። በአንድ ባንድ ውስጥ፣ በየተራ፣ ያንኑ ዘፈን ተጫውተዋል።

(ስክሪን ላይ፦ ካሴት ሲሽከረከር)

ዘመኑን በፈረንጆቹ ልቁጠር። በ1982 ሜታሊካ የሚባለው ባንድ ገና አልበም የለውም። «ኖ ላይፍ ቲል ሌዘር» የሚባል 7 ዘፈን ያለው ዴሞ፣ ማለትም የሙከራ ካሴት፣ ቀዳ። ሊድ ጊታሩን፣ ብቻውን ወጥቶ ሶሎ የሚጫወተውን፣ የያዘው ማስቴይን ነው። በኤፕሪል 1983 ኒውዮርክ ላይ አባረሩትና በአውቶቡስ ወደ ካሊፎርኒያ ሸኙት። በቦታው ከኤክሶደስ ባንድ ሃሜትን አመጡ። ገና የ20 ዓመት ልጅ፣ የጊታሪስቱ የጆ ሳትሪያኒ ተማሪ። በጁላይ «ኪል ኤም ኦል» ወጣ። ሰባቱም የዴሞ ዘፈኖች አልበሙ ላይ አሉ፤ ሶሎው ግን የሌላ ሰው ነው።

(ድምፅ፦ «ዘ ሜካኒክስ»፣ ከዴሞው)

ሰማችሁ? ሶሎው ከሪፉ፣ ማለትም እየተደጋገመ ከሚመጣው የጊታር ሐረግ፣ ተለይቶ አይወጣም። ማስቴይን ሶሎ ሲይዝም ሪትም ጊታሪስትነቱ አይለቀውም። ትንፋሽ አይወስድም። ወሬውን ሳይጨርስ እንዳያቋርጡት የሚጣደፍ ሰው ይመስላል።

(ድምፅ፦ «ዘ ፎር ሆርስሜን»)

ይሄ ያው ዘፈን ነው። ስሙ ተቀየረ፣ ከ7 ደቂቃ በላይ ሆነ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ቀዝ የሚል ቦታ ተጨመረበት። እዚያች ቦታ ላይ ሃሜትን ስሙት። አይቸኩልም። ክሩን ገፋ አድርጎ ድምፁን ያስለቅሰዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ያስጠብቃችኋል። ሃሜት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ይወዳል። በትዝታና በባቲ ላደገ ጆሮ አምስት ድምፅ እንግዳ አይደለም፤ ሶሎውን በአፋችን ማንጎራጎር የሚቀለን ለዚህ ይሆን እንዴ እላለሁ።

ግን ፍርድ አናጓድል። ሃሜት በዚያ አልበም ከባዶ አልተነሳም። የማስቴይንን ሶሎዎች መነሻ እየወሰደ ቀሪውን በራሱ መንገድ ጨረሰው። ማስቴይንም ዘፈኑን አልተወላቸውም፤ በ1985 ራሱ ባቋቋመው ባንድ፣ በሜጋዴዝ የመጀመሪያ አልበም «ሜካኒክስ» ብሎ መልሶ አመጣው። ከቀድሞው የባሰ ይሮጣል። ንዴት ነው ቴምፖውን የቆጠረው።

በዚህ ዘፈን ድምፄን ለሃሜት እሰጣለሁ። በኋላ በኋላ ግን እግሩን ከዋዋ ፔዳል፣ ሲረግጧት ጊታሩን «ዋ-ዋ» ከምታሰኘው መሣሪያ፣ ማንሳት አቃተው። የድሮ የአማርኛ ዘፈን የሚወድ ሰው ዋዋን ያውቃታል፤ ስትበዛ ግን ሁሉንም ሶሎ አንድ ታደርገዋለች።

ማስቴይን የገባኝ ደግሞ ዘግይቶ ነው። በ1990 በሜጋዴዝ ዘፈን «ሃንጋር 18» ላይ ከባንዱ ሌላ ጊታሪስት ከማርቲ ፍሪድማን ጋር ሶሎ ይቀባበላል። ማርቲ ይለሰልሳል፣ ይጠማዘዛል። ማስቴይን ይገባና ይቧጭራል። ያ ሻካራነቱ ድሮ ጉድለት ይመስለኝ ነበር። ከማርቲ ጎን ስሰማው ነው ዘፈኑን የሚያስነሳው እሱ መሆኑ የታየኝ።

(ስክሪን ላይ፦ መድረክ፣ ሳን ፍራንሲስኮ)

ዲሴምበር 10፣ 2011። ሜታሊካ 30ኛ ዓመቱን ሲያከብር ማስቴይን መድረክ ላይ ወጣ፣ ከሃሜት ጋር «ፋንተም ሎርድ»ን ተጫወቱ። ቪዲዮውን ካገኛችሁት ፊታቸውን ተዉት። የማስቴይንን ቀኝ እጅ እዩ፤ ሪፍ ሲይዝ እንኳ ሶሎ ላይ ያለ ነው የሚመስለው።