የአንዷን እንኳ ሞተር አናጥፋ

የተከበራችሁ የድሬ እናቶችና አባቶች፣ ዕድሜያችሁን ለምድር ባቡር የሰጣችሁ ጡረተኞቻችን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ የምናገረው ስለ አሮጌዎቹ የናፍጣ ባቡሮቻችን ነው። እወዳቸዋለሁ። እናንተም ባትወዷቸው ኖሮ በዚህ ሙቀት ቤታችሁን ትታችሁ አትመጡም ነበር።

ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን የባቡር መካኒክ ነበሩ። ማታ ሲገቡ የናፍጣና የግራሶ ሽታ ቀድሟቸው ይደርሳል። አንድ ቀን በረንዳቸው ላይ ቡና እየጠጡ ሳለ ከጣቢያው በኩል ባቡር ተነሳ። ስኒውን አስቀመጡና ጆሮ ሰጡ። «ይቺ ደህና አይደለችም፤ አንዱ ሲሊንደር አይሠራም» አሉ። ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። ተረኛ አልነበሩም። የጠራቸውም ሰው አልነበረም። ሲመለሱ መሽቷል፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጥቁር ነው። ቡናው እንደቀዘቀዘ ጠጥተውት ተኙ።

ስለ ባቡር ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ጆሮ ነው።

ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ከባድ ስለነበር ከሥር ሜዳው ላይ ቀረ፤ እኛም በዚያ ምክንያት ከተማ ሆንን። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ ወደብ እስከ ለገሃር 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምድር ባቡር ማለት የሆነው ሽመንደፈር የሚለው የፈረንሳይኛ ስም ዛሬም ከአፋችን አልወጣም።

መጀመሪያ የነበሩት የእንፋሎት ባቡሮች ናቸው። እንፋሎት ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። በአይሻና በአዲጋላ በረሃ ውሃ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የናፍጣዎቹ ሲገቡ ያ ጭንቀት ቀለለ።

ብዙ ሰው ናፍጣው በቀጥታ ጎማውን የሚያዞር ይመስለዋል። በእነዚህ ባቡሮች ላይ እንደዚያ አይደለም። ሞተሩ ጄኔሬተር ያዞራል። ጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጎማውን የሚያዞሩት ከሥር የተገጠሙት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። ስለዚህ መካኒኩና ኤሌክትሪሺያኑ ካልተግባቡ ባቡሩ አይነሳም። በድሬ ወርክሾፕ ደግሞ የተግባቡት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በፈረንሳይኛ ነው። የጎደለች ዕቃ ከፈረንሳይ እስክትመጣ አይጠበቅም፤ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ተቀርፃ እዚሁ ትሠራለች። ካልሆነም ከቆመው ተፈታ ለሚሄደው ትገጠማለች።

ተሳፋሪው የሚያስታውሰው ሌላ ነው። ኤረር ላይ በመስኮት የሚገባውን ብርቱካን። በፉርጎው ወለል ላይ ጓዝ ተደግፎ የተኛውን ሰው። ወንበር የጠበበው መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ጋር ምሳውን ሲካፈል። አቦ፣ ያ መንገድ ሰው ያገናኝ ነበር!

ክፉ ቀንም ነበረው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በነበረው ጦርነት ድልድዮቹ ፈርሰው መስመሩ ተቆርጧል። በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ዘመዱን እዚያ ያጣ ሰው ዛሬም በመካከላችን ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ድሮ ሁሉም ጥሩ ነበር» ልል አልቆምኩም።

አዲሱን ባቡርም አልቃወምም። መስከረም 2009 ሲመረቅ ደስ ብሎኛል፤ ተሳፍሬበታለሁም። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ፈጣን ነው። ሐዲዱ ግን 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ የኛ አሮጌው 1 ሜትር ብቻ ነው። አሮጌዎቹ በአዲሱ ላይ መሄድ አይችሉም። አሮጌው ሐዲድ ሲነቀል የነሱም ነገር አበቃ ማለት ነው። በ2005 ዓ.ም. ከድሬ ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ ሰው ማመላለስ እንደገና ሲጀመር ስንቶቻችን ጣቢያ ሄደን እንደቆምን ታስታውሳላችሁ። ያን ቀን ያስነሷቸው የወርክሾፑ ሰዎች ናቸው።

አሮጌ ባቡር የሚወድ ሰው እኛ ጋ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር ፔሰር የሚባሉ የናፍጣ ባቡሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በርካሽ የተሠሩ፣ ከአውቶቡስ አካል የተቀዱ፣ ሠራተኛ ጠዋት ማታ የሚመላለስባቸው። በሐዲዱ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ስለሚሉ ሰዉ «ራሷን የምትነቀንቅ አህያ» ይላቸው ነበር። ቢበዛ 20 ዓመት ያገለግላሉ ተብለው 30 ዓመት አልፈው ሠሩ። የመጨረሻዎቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአገልግሎት ወጡ። ብዙ ተሳፋሪ «እሰይ፣ ተገላገልን» ብሏል። ወዳጆቻቸው ግን ዝም አላሉም። በርካቶቹ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች እጅ በቅርስ ሐዲዶች ላይ ይሄዳሉ። ሦስቱ ደግሞ በውድድር ለትምህርት ቤት፣ ለሆስፒታልና ለአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ተሰጡ። ማንም ባላከበራቸው ባቡሮች ይህ ከተደረገ፣ ከተማ የቆረቆረልንን ባቡር ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ልንመዝነው ነው?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ ሎኮሞቲቭ። ሁለት ፉርጎ። ከዚህ እስከ ሽንሌ ድረስ የሚያስኬድ ሐዲድ። እሁድ እሁድ ልጆቻችንን ይዘን ሄደን እንመለስ። ቀለም ተቀብቶ አጥር ውስጥ የቆመ ባቡር አይበቃኝም። ሞተሩ ካልተነሳ ልጁ ምን ይሰማል?

ከብረቱም በላይ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር አለ። ብረቱ ዝጎም ቢሆን ይቆያል። ጎረቤታችን ግን ዛሬ የሉም። ያ ጆሯቸው ምን ይሰማ እንደነበር ማንም አልጻፈውም። ሲሊንደር ሲደክም ድምፁ እንዴት ይለወጣል? ቁልቁለት ላይ ፍሬን መቼ ይያዛል? የትኛው ኩርባ ላይ ነው ፍጥነት የሚቀነሰው? ይህን የምታውቁት እናንተ ከፊት የተቀመጣችሁት ናችሁ። ወጣቶቹም ከኋላ አሉ፤ ሊማሩ ነው የመጡት።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ደብተርና የድምፅ መቅጃ ይዣለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። አባቶቼ፣ ዛሬ ማታ ማን ይጀምርልን?